የስድስተኛ ፎቅ ዶሮዎች

ሦስት በተርታ። ሁልጊዜ ሦስት በተርታ፣ አንዳንዴም አራት፣ በማስመሪያ ተለክቶ የተነከሰ ይመስል። ትንኝ እንዲህ አትነክስም፣ ትንኝ ያገኘችው ቦታ ወግታ ትሄዳለች፣ ቁንጫም ቢሆን ከቁርጭምጭሚት በላይ ብዙ አይደክምም፣ እነዚህ ግን ከክርኑ ተነስተው እስከ ትከሻው መንገድ አውጥተውበታል፣ እና ሴንዳውላ ክንዱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግቶ መንገዱን እያየ፣ ምን በወጣኝ፣ ይላል በልቡ፣ ከቀኑ አምስት ሰዓት ላይ አገር ምድሩ ሥራውን ሲሠራ እኔ እዚህ ተጋድሜ የምበላው ምን በድዬ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ዳቦ ቤት ሊጥ ሲያሽ ያደረ ሰው ቀን ካልተኛ መቼ ሊተኛ ነው? ትኋን የሌሊት ነው ያለ ሰው ካለ ይምጣና ይየው። ማታ ባዶ አልጋ ላይ ምን ይሠራሉ፣ ይጠብቁታል፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ዱቄት በዱቄት ሆኖ መጥቶ ጋደም ሲል ይወጣሉ፣ ፈረቃቸውን ከእሱ ፈረቃ ጋር አስተካክለዋል፣ ከዳቦ ቤቱ አለቃ ይልቅ ሰዓት የሚያከብሩት እነሱ ናቸው። እና ነገ ጠዋት እናቱ ትመጣለች። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ ከካምፓላ በአውቶቡስ ሌሊቱን ተጉዛ፣ ናይሮቢ ልጇ ቤት፣ እዚህ አልጋ ላይ ልትተኛ።

ከታች ደግሞ ያ የመድኃኒት ሻጭ ጀመረ። ሰውየው ራሱ አይጮህም፣ ድምፁን ቀድቶ በማጉያ ነው የሚያስጮኸው፤ የኩንጉኒ መድኃኒት፣ የአይጥ መድኃኒት፣ የበረሮ መድኃኒት፣ ኩንጉኒ ተኝቶ እንዳይነሳ፣ አንተ ግን ተኝተህ እንድትነሳ፣ እያለ በፓይፕላይን ሰፈር ሕንፃዎች መሐል ይዞራል። ኩንጉኒ የዚህ አገር ሰው ትኋንን የሚጠራበት ስም ነው። ሴንዳውላ ሦስት ጊዜ ገዝቶታል፣ ሦስቱንም ጊዜ ከሌላ ሰፈር፣ ከሌላ ሻጭ፣ የሚያውቀው ሰው እንዳያየው በጃኬቱ ብብት ሸጉጦ። የመጀመሪያው ዱቄት ነበር፣ እሱን ለሳምንት አሳለው፣ እነሱ ግን ተራመዱበት። ሁለተኛው ላምባ ላምባ የሚሸት ውሃ ነበር። ሦስተኛው ለጊዜው ጥሩ ነበር፣ አሥር ቀን ሙሉ አንድ እንኳን አልታየም፣ ደስ ብሎት ለራሱ ሥጋ ገዝቶ ጠበሰ፣ በአሥራ አንደኛው ቀን ሦስት በተርታ። ምን ያላደረገው ነገር አለ? አልጋውን ከግድግዳው አራቀ፣ የአልጋውን እግሮች ሳሙና በተበጠበጠበት ቆርቆሮ ውስጥ አቆመ፣ ብሎኑን ፈትቶ መገጣጠሚያው ላይ የፈላ ውሃ ደፋ፣ የሶኬቱን ክዳን ነቅሎ ውስጡን አየ፣ የግድግዳውን ስንጥቅ በስቱኮ ደፈነ፣ መጋረጃውን ቀቀለ፣ ልብሱን በጥቁር ላስቲክ ቋጥሮ ከቋጠሮ ውስጥ እየመዘዘ ነው የሚለብሰው፣ በገዛ ቤቱ መንገደኛ ሆኗል። ታዲያ ከየት ነው የሚመለሱት? ከየት?

መጀመሪያ ላይ የዳቦ ቤቱ ምድጃ ሙቀት ነው ሽፍታ ያወጣብኝ ብሎ ነበር፣ ሁለት ወር ሙሉ፣ ቂል። ፋርማሲ ሄዶ ቅባት ገዛ፣ ሳሙና ቀየረ፣ ዓሣ መብላት ተወ። አንድ ቀን አንሶላውን ሲቀይር የፍራሹ ስፌት ላይ ጥቋቁር ነጥቦች አየ፣ በእስክሪብቶ ጫፍ የተነካካ የሚመስሉ፣ በእርጥብ ጨርቅ ሲጠርጋቸው ወደ ቡና ቀለም ይለቃሉ፣ ከጎናቸው ገለባ የሚያክል ባዶ ቆዳ፣ ስፌቱን በጥፍሩ ሲገልጠው ደግሞ እሷው ራሷ፣ የምስር ክክ የምታክል፣ ጠፍጣፋ፣ ቀይ ቡናማ፣ ሳትቸኩል ወደ ጥግ የምትሄድ። ጨፈለቃት። ሽታዋ። ያን ሽታ ያውቀዋል፣ ልጅ ሆኖ አዳሪ ትምህርት ቤት ያውቀዋል፣ እና ከአፉ የወጣው ቃል የአገሩ ቃል ነበር። ቢኩ! በሉጋንዳ እንዲህ ነው የሚባሉት። ዘጠኝ ዓመት ናይሮቢ የኖረ ሰው ኩንጉኒ የሚለውን ቃል አጥቶት አይደለም፣ ሻጩ በየቀኑ ጆሮው ላይ ይለፍፈዋል፣ ግን አንዳንድ ነገር አለ፣ በሰው ቋንቋ ሲሉት ክስ ይሆናል።

ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው። የሕንፃው ተቆጣጣሪ ሙሊንጌ ደረጃ ላይ ሬዲዮኑን ጆሮው ላይ ለጥፎ ኳስ እየሰማ ነው፣ ሴንዳውላ ቆሞ ያንገራግራል፣ ሰው ይወጣል ይወርዳል፣ ኩንጉኒ ቢል ስድስት ፎቅ ሙሉ ይሰማል፣ የሙሊንጌ ሚስት ደግሞ ከኡጋንዳ ድንበር አካባቢ ናት ሲባል ሰምቷል፣ ቃሉን ሰምቶት ሊያውቀው ይችላል፣ ስለዚህ ጠጋ ብሎ፣ ቤቴ ውስጥ ቢኩ አለ፣ አለው በሹክሹክታ።

"ምን አልክ?" ሬዲዮኑን ከጆሮው ሳያነሳ።

"ቢኩ። ብዙ ነው።"

"ኩኩ?" ኩኩ በስዋሂሊ ዶሮ ነው። ሙሊንጌ አሁን ሬዲዮኑን አነሳ። "አንተ ኡጋንዳዊ! ስድስተኛ ፎቅ ላይ? ስንት ናቸው?"

"እኔ እንጃ። ማን ይቆጥራቸዋል።"

"አይንጫጩም እንዴ?"

"ኧረ ድምፅ የላቸውም። ከአልጋው ሥር ነው ያሉት።"

"ከአልጋ ሥር! የሚበሉትስ?"

"እኔን!" አለ ሴንዳውላ፣ ደሙ ፈልቶ።

"እሱስ ልክ ነህ፣ ዶሮ መቀለብ ሰው ይበላል፣ እኔም መንደር ሳለሁ አይቼዋለሁ" አለ ሙሊንጌ በሐዘኔታ። በማግስቱ ጠዋት ከዳቦ ቤት ሲመለስ በሩ ላይ ወረቀት ተለጥፏል፤ በዚህ ሕንፃ ዶሮ ማርባት ክልክል ነው፣ ስድስተኛ ፎቅን ይጨምራል። ሴንዳውላ ወረቀቱን አነበበው፣ ደግሞ አነበበው፣ ሊስቅ ፈለገ፣ አቃተው። እና አላረመውም። ይኸው ስድስት ወሩ፣ ዶሮ አርቢው እየተባለ ይወጣል ይወርዳል፣ የታክሲ ረዳቱ ሳይቀር፣ ዛሬ እንቁላል የለም? ይለዋል። ዶሮ አርቢ መባል ይሻላል። ማማ ካኒኒ፣ ፊት ለፊቱ ያለችው ጎረቤቱ፣ ከሰል ምድጃ ላይ ባቄላ እየቀቀለች የምትሸጠው ሴት፣ ባየችው ቁጥር፣ ጎረቤት፣ ዶሮዎቹ ደህና አደሩ? ትለዋለች፣ ስትል ደግሞ ፊቷ አይስቅም፣ እሱ ነው የሚያናድደው።

እናቱ የደወለችው ማክሰኞ ነው፣ ወይስ ረቡዕ፣ ይህ እንቅልፍ ማጣት ቀኑን አደባልቆበታል። "መምጣቴ ነው" አለች፣ እንዲሁ በድፍረት፣ ሳታስጠነቅቅ።

"እንዴ እማ፣ እኔ እመጣ የለ ለፋሲካ?"

"ስንተኛው ፋሲካ ነው እሱ? ቤትህ ሰፊ ነው ብለኸኛል፣ ከሕንፃ ላይ ነው ብለኸኛል፣ እኔም ለጎረቤት ሁሉ አውርቻለሁ። ልየው።"

"እሺ እማ።"

"ሰሌኑ አለ?"

"አለ።"

"ትቀመጥበታለህ?"

"እቀመጥበታለሁ።" ውሸት። ሌላ ውሸት።

"አራግፈኸው ታውቃለህ?"

"ምን ያራግፈዋል እማ፣ ንጹሕ ነው።" ከዚያ ወዲያ ስልኩ ላይ ዝምታ መጣ፣ ረጅም፣ መስመሩ የተቋረጠ መስሎት ሃሎ ሃሎ አለ፣ እሷ ግን አለች፣ ትንፋሿ ይሰማል፣ ቀጥሎ፣ በል ቅዳሜ ጠዋት ጠብቀኝ፣ ብላ ዘጋች።

ሰሌኑን ልካ ነበር፣ አባቱ በሞተ በሁለተኛው ወር፣ በአውቶቡስ ረዳት እጅ፣ በገመድ ታስሮ። ወይን ጠጅና አረንጓዴ፣ ዙሪያው በጨርቅ ተቀምቅሞ፣ የራሷ የእጅ ሥራ። በአገራቸው ወግ ለቅሶ ቤት ሰው ሰሌን ላይ ነው ተቀምጦ የሚያለቅሰው፣ ሰሌን ላይ ነው የሚያድረው፣ ከየመንደሩ የመጣው ሁሉ፣ እና እሷ በስልክ፣ አባትህ የተለቀሰበት ነው፣ አንተም ተቀመጥበት፣ ብላዋለች፣ ቁጣ የለባትም፣ ቢኖርባት ይሻለው ነበር። አባቱ የሞተ ቀን ስልኩን ዘግቶ ተኝቷል። ቀን ነው የሚተኛው፣ ምን ያድርግ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነቅቶ ሲከፍተው አሥራ ሰባት ጊዜ ተደውሎለታል። ቀብሩ ነገ አሥር ሰዓት ነው፣ አውቶቡሱ ማታ አንድ ሰዓት ላይ ነው የሚነሳው፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ አለው፣ ይደርሳል፣ ታጥቧል፣ ለብሷል፣ ወደ አውቶቡሱ ነው የሚሄደው፣ እግሩ ግን ወደ ዳቦ ቤቱ ወስዶት ሊጥ ፊት ቆሟል። ለምን? ስምንት ዓመት ሙሉ ልመጣ ነው እያሉ ለሬሳ መድረስ አሳፍሮት ነው፣ ወይስ ምን፣ እስከ ዛሬ አያውቅም፣ ሌሊቱን ሙሉ ሊጥ አሸ፣ እና ጠዋት ደውሎ፣ እማ አውቶቡሱ አመለጠኝ፣ አለ። ሰሌኑን ሲቀበል አልፈታውም። አልጋው ሥር ወሸቀው። ከለቅሶው የቀረ ሰው እንዴት ብሎ ይቀመጥበታል።

በቃ። ተነሳ። ፓይፕላይን ውስጥ ፀሐይ የሚገኘው ጣሪያ ላይ ብቻ ነው፣ ሕንፃዎቹ ተቃቅፈው ነው የቆሙት፣ ከመስኮቱ እጁን ቢዘረጋ የሌላ ሰው መስኮት ይነካል። ፍራሽ ጣሪያ ላይ የሚያወጣ ሰው ደግሞ ለምን እንደሚያወጣ ሕዝብ ያውቃል፣ ስድስት ወር ሙሉ ያላወጣው ለዚህ ነው። ዛሬ ግን እናቱ ትበልጣለች። ፍራሹን በአንሶላ ጠቅልሎ፣ ማንም የሚታለል ይመስል፣ በጭንቅላቱ ተሸክሞ፣ እየረገመ፣ ሁለት ጊዜ ደረጃው ላይ እየተቀረቀረ ወጣ፣ የጣሪያውን በር በእግሩ ገፋ፣ እና ማማ ካኒኒ ፍራሿን ግድግዳ ላይ አስደግፋ በዱላ እየደበደበች ነው።

ተያዩ።

"ዶሮዎቼን ፀሐይ ላሙቃቸው ብዬ" አለች፣ ፊቷ ሳይስቅ።

ሴንዳውላ ፍራሹን ጣለው። "ታውቂ ነበር?"

"ጎረቤት፣ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ዶሮ የሌለው ማን አለ? አራተኛም አለ፣ ሙሊንጌ ራሱ ባለፈው ሳምንት የዶሮ መድኃኒት ሲገዛ አይቼዋለሁ። አንተ ስም አወጣህልን እንጂ። ማን አፉን ሞልቶ ኩንጉኒ ይላል? ዶሮ ስንል ግን ይኸው እናወራለን።"

ስድስት ወር! ስድስት ወር ሙሉ ብቻውን ሲቃጠል፣ ሰው ሁሉ በእሱ ቃል ሲጠቀም። ሊቆጣ ፈለገ፣ በማን ላይ እንደሚቆጣ ግን አላገኘም። እሷ የፍራሹን ጠርዝ ይዛ ገለበጠችው፣ ስፌቱን በጥፍሯ እየገለጠች አየች፣ ሁለት እንቁላል አሳየችው፣ ከሰሊጥ ያነሱ፣ ነጭ። "ይኼ እኮ ጥቂት ነው" አለች። "ዋናው ቤታቸው እዚህ አይደለም። የት ያላየኸው አለ? ሶፋ?"

"ሶፋ የለኝም። ሁሉንም አይቻለሁ፣ ሁሉንም ቀቅያለሁ።"

"ሁሉንም?"

"ከሰሌን በቀር። እሱ የእናቴ ነው፣ ከአልጋው ሥር ተጠቅልሎ ነው ያለው፣ ተነክቶም አያውቅ።"

ማማ ካኒኒ ዱላዋን አስቀመጠች። "ከአልጋው ሥር። ተጠቅልሎ። ተነክቶ የማያውቅ።"

"የእናቴ ነው አልኩሽ እኮ!" ጮኸባት፣ ያለ ኃጢአቷ፣ እና ትቷት ወረደ።

ሦስት ጊዜ መድኃኒት ሲረጭ ሦስቱንም ጊዜ ሰሌኑን አውጥቶ ኮሪደር ላይ ያስቀምጠው ነበር፣ መድኃኒቱ እንዳይነካው። ከዚያ መልሶ ያስገባዋል። በገዛ እጁ። አልጋው ፊት ተንበርክኮ ጎተተው፣ ገመዱን ፈታ፣ ስምንት ወር ያልተፈታውን፣ ጠርዙ ላይ የተቀመቀመውን ጨርቅ በቢላ ጫፍ ከፈት አደረገ፣ እና እጁን ሰበሰበ። ጨርቁ ውስጥ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ትልቁም ትንሹም፣ ቆዳውም እንቁላሉም፣ አገር መሥርተዋል። ተቀምጦ አያቸው። አልተናደደም፣ እሱ ነው የገረመው፣ ንዴቱ ሁሉ አለቀበት። ለቅሶው ላይ የነበሩት ሰዎች፣ ከየመንደሩ መጥተው በዚህ ሰሌን ላይ ያደሩት፣ በየብርድ ልብሳቸው ይዘውት የመጡት ነው፤ አባቱን የቀበሩት ሰዎች ያራገፉት ነው ሲበላው የከረመው። ከለቅሶው ቀረሁ ብሎ ነበር። አልቀረም።

ጣለው፣ አለችው ማማ ካኒኒ፣ በሩ ላይ ቆማ፣ ሳይጠራት ወርዳ። አልጥልም አለ። እንግዲያው ቀቅለው፣ አለች፣ ባቄላ የምትቀቅልበትን ትልቁን ድስት አምጥታ፣ የኔም ዶሮዎች እንዲያልቁልኝ ብዬ ነው እንጂ ላንተ ብዬ አይደለም፣ አለች። ጣሪያው ላይ ሰሌኑን ዘርግተው የፈላ ውሃ ደፉበት፣ አንድ ድስት፣ ሁለት፣ አምስት፣ እና ቀለሙ መልቀቅ ጀመረ፣ ወይን ጠጁ ወደ አረንጓዴው፣ አረንጓዴው ወደ ሲሚንቶው፣ የእናቱ የእጅ ሥራ ዓይኑ እያየ ጭቃ ሆነ። ገመድ ላይ ሰቀሉት። ከዳቦ ቤቱ ለዛሬ ማታ ፈቃድ ጠይቋል፣ ለአባቱ ያልጠየቀውን ፈቃድ፣ እና አለቃው ያለ አንድ ቃል ሰጠው፣ ይህ ደግሞ ከሁሉም የባሰ አንገበገበው፤ ያኔም ይሰጠው ነበር ማለት ነው።

ጠዋት አውቶቡሱ ጋ ሲደርስ እናቱ ወርዳ ቆማለች። አጥራለች። ወይም እሱ ረዝሟል፣ በዚህ ዕድሜ ግን ሰው አይረዝምም። ሊያቅፋት ሲሄድ እጇን ዘርግታ ያዘችው፣ በክንዷ ሙሉ አራቀችው፣ ጨበጠችው ብቻ። ሻንጣዋን ሊቀበላት ሲል ወደ ኋላዋ ደበቀችው። ታክሲ ውስጥ ሌላ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ይቅር አላለችኝም፣ አለ በልቡ፣ ይህን ልታሳየኝ ነው የመጣችው፣ ሌሊቱን ሙሉ ተጉዛ። ስድስት ፎቅ በየእርከኑ እያረፉ ወጡ፣ በሩን ከፈተ፣ ታጥቦ የጸዳው ቤት፣ ፀሐይ የመታው ፍራሽ፣ ሁሉም ለእሷ ነው፣ እና እሷ ደፉ ላይ ቆመች።

"ግቢ እንጂ እማ።"

"አልገባም።"

"እማ..."

"አልገባም አልኩህ።"

ያኔ ነው ያመለጠው፣ ሳያስበው። "አውቶቡሱ አላመለጠኝም" አለ። "ለአባባ። ሁለት ሰዓት ነበረኝ። ሥራ ገባሁ።"

እናቱ ቀና ብላ አየችው። "አውቃለሁ" አለች። "ያን ዕለት እኮ በዚያው አውቶቡስ የመጣ የመንደር ሰው ነበር፣ ግማሹ ባዶ ነበር፣ ሰው ሲጠብቅ አርፍዶ ነው የተነሳው አለን። እሱን ለመስማት አይደለም የመጣሁት።" ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፣ ኮሪደሩን ግራ ቀኝ አየች፣ ስምንት ወር የተሸከመችውን ነገር ልታወርድ ነው። "ውሃ አፍላልኝና እዚሁ ልብሴን ልቀይር። ልጄ፣ ቢኩ አለብኝ።"

ሴንዳውላ ሻንጣዋን አየ።

"ለቅሶ የመጣው ሰው ትቶልን የሄደ ነው። ሰሌኑን ስልክልህ አላወቅሁም፣ አፈር ስሆን፣ ሲገባኝ አንተ ዘንድ ደርሷል። በስልክ እንዴት ብዬ ልናገረው? በሰው አገር፣ በሕንፃ ላይ ንጹሕ ሆኖ የሚኖረውን ልጄን... አንተ ደግሞ በጠየቅሁህ ቁጥር ንጹሕ ነው ትለኛለህ።"

ቢኩ። እዚህ ከተማ ውስጥ ቃሉን ከአፉ ካወጣው ጀምሮ ያንኑ ቃል የመለሰለት ሰው አልነበረም። የሸሚዙን እጅጌ ሰበሰበና ክንዱን አሳያት፣ ሦስት በተርታ፣ ሦስት በተርታ፣ እስከ ትከሻው። እናቱ በጣቷ ተከትላ አየችው። ከዚያ የራሷን ክንድ ገልጣ ከእሱ ክንድ አጠገብ አስቀመጠችው።

የማማ ካኒኒ በር ተከፈተ። "ጎረቤት፣ እንኳን ደስ ያለህ! እናትህ ምን እያሉ ነው?"

"ዶሮ ይዤ መጣሁ እያለች ነው።"

"ኧረ እሰይ! እንኳን ደህና መጡ እናቴ!" አለች ማማ ካኒኒ፣ ፊቷ ሳይስቅ፣ እና ድስቱን ልትጥድ ተመለሰች።

የሻንጣው ልብስ ሁሉ ድስቱ ውስጥ ገባ፣ በየተራ። እናቱ የማማ ካኒኒን ሰፊ ቀሚስ ለብሳ፣ ፀጉሯን ታጥባ፣ ጣሪያ ላይ ወጣች። ገመዱ ላይ ያለውን አየች፣ ቀረብ አለች፣ ጠርዙን በእጇ ዳሰሰች።

"ሰሌኔን ቀቀልከው?"

"ቀቀልኩት።"

ሳቀች። አፏን በእጇ ይዛ፣ ትከሻዋ እስኪናወጥ፣ እንባዋን እየጠረገች ሳቀች፣ ማንኛው ሳቅ ማንኛው እንባ እንደሆነ እሱም አልለየውም፣ ሰሌኑን ከገመዱ አወረደችው፣ ሲሚንቶው ላይ ዘረጋችው፣ እግሯን አጥፋ ተቀመጠችና ከጎኗ ያለውን ቦታ በመዳፏ መታ መታ አደረገች።

"በል ና" አለች። "አባትህን እናልቅስ።"

ተቀመጠ። ሰሌኑ ገና እርጥብ ነበር።